ቀስ ብሎ የሚገፋ እጅ፦ ለውስጥ ጆሮ የተሠሩ አምስት የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች ሲመዘኑ

ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ፣ በአጥንት ጥግ የተሸሸገ ክብ መስኮት የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ መሐሉ ላይ 70 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንዲት የራስ ጸጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ከሽፋኑ ወዲያ ያለው ኮክሊያ ነው፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ፣ ቢዘረጋ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ፈሳሽ የሞላበት የአጥንት ቱቦ። ለደንቆሮ ድምፅ የሚያስገባው የኮክሊያር ኢምፕላንት (በቀዶ ጥገና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) ኤሌክትሮድም፣ መድኃኒትም፣ አሁን አሁን ደግሞ ጤነኛ ዘረ መል የያዘ ፈሳሽም የሚያልፈው በዚህ በር ነው።

በሩን ሳይጎዱ ለማለፍ ከተሠሩት ውስጥ አምስቱን መርጠናል፦ አዮታሶፍት፣ ኮክሊያ ሃይድሮድራይቭ፣ ሂሮ፣ ሮቦቶል እና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥቃቅን መርፌዎች። አምስቱም የተፀነሱት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ በአምስቱም ሐኪምና መሐንዲስ አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ስንመዝን የሠሪዎቹንም ሙያ አብረን እንመዝናለን። የትኛው ሙያ ከመጀመሪያው እንደገባበት፣ የትኛው ዘግይቶ እንደመጣ ከመሣሪያው ላይ ይነበባልና። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እጅ ምን ያህል ይችላል?

ሮቦት የሚመዘነው ከእጅ አንጻር ስለሆነ ከእጅ እንጀምር። ከጆሮ ጀርባ ቆዳው ይከፈታል፤ የማስቶይድ አጥንት በመሰርሰሪያ ይቦረቦራል። የፊት ጡንቻን በሚያዘው ነርቭና የምላስን ጣዕም በሚያደርሰው ቀጭን ነርቭ መሐል ጠባብ መተላለፊያ ይወጣል። በዚያ በኩል የክብ መስኮቱ ጥግ ሲታይ ሽፋኑን የሚከልለው የአጥንት ከንፈር ይላጋል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ኤሌክትሮዱ ይገባል። ኤሌክትሮዱ በሲሊኮን የተለበጠ የሽቦ ክር ነው። ከተለመዱት ቀጥተኛ ኤሌክትሮዶች አንዱ ጫፉ 0.3፣ ሥሩ 0.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ ይዘልቃል። የበሰለ ፓስታ በጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ለመግፋት የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

እጅ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያቅተዋል። አንደኛው ቀስ ማለት ነው። ሰው ያለ መቆራረጥ መግፋት የሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት ሲለካ በሰከንድ 0.9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በታች ለመውረድ የሞከረ እጅ ይገፋል፣ ይቆማል፣ ይገፋል፣ ይቆማል። ኮክሊያ በአጥንት የታጠረና በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ እያንዳንዱ ግፊት ውስጥ ላሉት ስሱ የመስሚያ ሴሎች የግፊት ማዕበል ሆኖ ይደርሳል። በ2013 የታተመ አንድ የክሊኒክ ጥናት በደቂቃ 60 ሚሊ ሜትር ከማስገባት ይልቅ በደቂቃ 15 ሚሊ ሜትር ማስገባት የታካሚውን የተረፈ መስማት የበለጠ እንደሚያቆይ አሳይቷል። በደቂቃ 15 ማለት በሰከንድ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእጅ ልክ በታች።

ሁለተኛው ስሜት ነው። የኮክሊያን ቱቦ ላይኛና ታችኛ ሰርጥ አድርጎ የሚለየውን ስስ ክፍልፋይ የሚቀድደው ኃይል ከ30 ሚሊኒውተን አካባቢ ይጀምራል። ይህ የ3 ግራም ክብደት ነው፤ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር እንኳ ከዚህ ይከብዳል። የቀዶ ጥገና ሐኪም ጣት በመያዣው በኩል ሊያውቀው የሚችለው ትንሹ ኃይልም ከዚሁ ብዙም አያንስም። በሌላ አነጋገር ጣቱ «ነካሁ» ሲል ክፍልፋዩ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል።

ሲበላሽ መልኩ ይለያያል። ጫፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ይህን በማይክሮስኮፕ ማየት ስለማይቻል በኤክስሬይ ወይም ከኤሌክትሮዱ በሚነበበው ምልክት ይጣራል። ወይም በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ፣ 180 ዲግሪ አካባቢ፣ ከታችኛው ሰርጥ ክፍልፋዩን በጥሶ ወደ ላይኛው ይሻገራል። ወይም ጫፉ ተገትሮ ሥሩ ይጎብጣል፤ ገፊው ገባልኝ ሲል ክሩ መግቢያው ላይ ተቆልምሟል። ከሁሉም በላይ የሚናቀው ደም ነው። ሽፋኑ ከመሰንጠቁ በፊት ደምና የአጥንት ዱቄት በደንብ ካልታጠበ ቀርፋፋ ማስገባት ብቻውን የተረፈውን መስማት አያድነውም።

አዮታሶፍት፦ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን በደንብ

አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጆሮ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ማርላን ሃንሰንና ሐኪሙ ክሪስቶፈር ካውፍማን የጀመሩት ነው። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቅዶለታል።

ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። አውራ ጣት የሚያክል ማንቀሳቀሻ አለ፤ ለአንድ ታካሚ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። በትንንሽ ብሎኖች ከራስ ቅሉ ጋር ይታሰራል። ከእርሱ የሚወጣ፣ ጫፉ ኤሌክትሮዱን የሚይዝ መሪ አለ። ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ራቅ ብሎ የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ከሐኪሙ እግር ሥር ደግሞ ፔዳል ይቀመጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.1 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። በ0.1 የተሞላ 25 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ገብቶ ለማለቅ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይፈጃል። አራት ደቂቃ ሙሉ ያለ መንቀጥቀጥ የሚገፋ ሰው የለም፤ ሞተሩ ግን አይሰለቸውም።

ያስደሰተን ልኩን ማወቁ ነው። ቁፋሮውን ለሐኪሙ፣ አቅጣጫ መምረጡንም ለሐኪሙ ትቶ መግፋቱን ብቻ ይወስዳል። ከራስ ቅሉ ጋር መታሰሩም የታሰበበት ነው፦ የታካሚው ራስ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ መሣሪያው አብሮት ይንቀሳቀሳል። ከጠረጴዛ ጋር የታሰረ ክንድ ይህን አያደርግም። ይህን ዓይነት ውሳኔ የሚወስነው ማስቶይድ ሲቦረቡር የኖረ ሰው ነው፤ ንድፉ ላይ የሐኪም እጅ ጎልቶ ይታያል።

ጉድለቱም ከዚያው ይነሳል። መሣሪያው ኃይል አይለካም፤ ጫፉ የት እንደደረሰም አያውቅም። መግቢያው ላይ ያለው ማዕዘን ጥቂት ዲግሪ ከተሳሳተ ስሕተቱን በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። ስለዚህ ፔዳሉ ከመረገጡ በፊት መሪው ከታችኛው ሰርጥ መስመር ጋር መግጠሙ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ሐኪሙም በሌላው እጁ ክሩን በቀጭን መሣሪያ እየደገፈ መግቢያው ላይ እንዳይጎብጥ መጠበቅ ይኖርበታል። «ሮቦት ያስገባዋል» ብሎ እጁን የሚያነሣ ሐኪም አዮታሶፍትን አልተረዳውም።

ሌላ ጥንቃቄ የሚሻው መጨረሻው ነው። ኤሌክትሮዱ ገብቶ ካለቀ በኋላ ከመያዣው ሲላቀቅ አንድ ሚሊ ሜትር ተስቦ መውጣት ይችላል፤ የአራት ደቂቃ ትዕግሥት በሁለት ሰከንድ ይባክናል ማለት ነው። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ክሩ መደገፍ፣ ከዚያ መያዣው መላቀቅ፣ ከዚያ መግቢያው በትንሽ ሥጋ መታሸግ፣ በመጨረሻም የተረፈው ሽቦ ወደ ውጭ በማይገፋበት አኳኋን ማስቶይድ ውስጥ መጠቅለል አለበት።

ሰውነቱ ለቀጥተኛ ኤሌክትሮዶች የተስማማ ነው። ቀድመው የተጠማዘዙትና በሽፋን ውስጥ ቀጥ ብለው የሚገቡት ሌላ እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ።

ኮክሊያ ሃይድሮድራይቭ፦ ሲሪንጅ የሚያሳፍረው ሞተር

ከአምስቱ ልባችንን የወሰደው ይህ ነው። ጀርመን ውስጥ በሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን ሥራውን የመራው ተመራማሪው ቶማስ ራው ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በሰከንድ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚገፋ፣ ለታካሚ የተፈቀደ፣ ርካሽ ሞተር የት ይገኛል? መልሱ በየኦፕራሲዮን ክፍሉ ቆሟል፤ ኢንፊውዥን ፓምፕ፣ መድኃኒት በዝግታ ወደ ደም ሥር የሚገፋው ማሽን።

አሠራሩ እነሆ። ኤሌክትሮዱን የሚገፋው የአንድ ተራ ሲሪንጅ ፒስተን ነው። ሲሪንጁ በፈሳሽ የተሞላ ቱቦ ተቀጥሎለት ከፓምፑ ጋር ይገናኛል። ፓምፑ ፈሳሽ ሲገፋ ፒስተኑ ይንቀሳቀሳል፣ ክሩ ይገባል። ታካሚው አጠገብ ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፤ ያለው ከጀርም የጸዳ ፕላስቲክና ፈሳሽ ብቻ ነው።

ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የውስጥ ስፋቱ 4.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሪንጅ ብንወስድ የፒስተኑ ገጽ 17.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 0.1 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ በሰከንድ 1.73 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋል፤ በሰዓት 6.2 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ይህ ማንኛውም ነርስ በየቀኑ ፓምፕ ላይ የምትሞላው ቁጥር ነው። ቀርፋፋ ኢንፊውዥን የዚህ ማሽን የዕለት ሥራው ነውና ሞተሩ ቀስ እንዲል ማርሽ በማርሽ ላይ መደርደር ቀረ።

የሚያስቸግረው ጎማውና አየሩ ነው። የሲሪንጅ ጎማ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ በጣም በዝግታ ሲገፋ ቆሞ ይቆይና ግፊቱ ሲጠራቀም ድንገት ይዘላል። በእጅ ላይ ጠላነው ያልነው መቆራረጥ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። በቱቦው ውስጥ አረፋ ካለ ደግሞ ይብሳል፦ አየር ይጨመቃል፣ ፓምፑ ገፋሁ ይላል፣ ክሩ ግን አይነቃነቅም፤ ቆይቶ ይዘላል። መድኃኒቱ ጎማው በልስላሴ የሚሄድበትን ሲሪንጅ መምረጥ፣ ቱቦውን አጭርና ደንዳና ማድረግ፣ ከመታሰሩ በፊት አረፋውን ጨርሶ ማስወጣት፣ እንዲሁም ፒስተኑን ከታካሚው ውጭ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስኪዶ መነቃነቁን ማረጋገጥ ነው። ማንም ያገኘውን ሲሪንጅ አያይዞ በሰው ላይ የሚሞክረው ነገር እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ይመስለናል።

እዚህ ላይ የገዛው የመሐንዲስ አስተሳሰብ ነው፤ ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን ያየ መሐንዲስ። ቢሮው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አዲስ ሞተር ይነድፍ ነበር።

ሂሮ፦ በቁልፍ ቀዳዳ የሚገባው

ስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሐንዲሱ ሽቴፋን ቬበርና ሐኪሙ ማርኮ ካቨርሳቾ ከነቡድኖቻቸው የሠሩት ነው። በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ቀዶ ጥገና በ2017 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል፤ ወደ ገበያ ያወጣው ካስሲኔሽን የተባለው የበርን ኩባንያ ከኢምፕላንት አምራቹ ሜድ-ኤል ጋር ነው።

ሌሎቹ ማስገባቱን ሲያሻሽሉ ይህ መንገዱን ይቀይራል። ማስቶይድን ሰፋ አድርጎ ከመቦርቦር ይልቅ ከራስ ቅሉ ገጽ አንሥቶ ቀጥታ ወደ ኮክሊያ ስፋቱ 1.8 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ቀዳዳ ይሰረስራል። ቀዳዳው የሚያልፍበት በሁለቱ ነርቮች መሐል ያለው ቦታ ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በግራና ቀኝ የሚተርፈው ተካፍሎ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። የፊት ነርቭ ከተነካ ደግሞ ግማሽ ፊት ሽባ ይሆናል። ቀልድ የለበትም።

ስለዚህ ጥበቃው በድርብርብ ነው። በራስ ቅሉ ላይ ትንንሽ መለያ ብሎኖች ይተከላሉ፤ በሲቲ ይነሣሉ፤ ኮምፒዩተሩ ነርቮቹን፣ አጥንቶቹንና ኮክሊያውን ለይቶ መስመሩን ያሰምራል፤ ሐኪሙ ያጸድቃል። ካሜራ የራስ ቅሉንና የሮቦቱን ቦታ በየቅጽበቱ ይከታተላል። መሰርሰሪያው ጥቂት ገብቶ ወጥቶ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ሙቀቱ ብቻውን ነርቩን ይጎዳል። ነርቩ ጋ ከመድረሱ በፊት ይቆማል፣ ሁለተኛ ሲቲ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ በየደረጃው ቀዳዳው ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ እየተለቀቀ የፊት ጡንቻ መልስ ይለካል፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ፊት ከተነቃነቀ ነርቩ ቀርቧል ማለት ነው። መሰርሰሪያው የሚሰማው የአጥንት ጥንካሬም በሲቲው ላይ ካለው ጋር እየተነጻጸረ ቦታው ይረጋገጣል።

እንደ ምሕንድስና ሥራ ከአምስቱ ይህን የሚያክል የለም። እንደ አገልግሎት ግን ብዙ ይጠይቃል። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሲቲ ስካነር፣ የሠለጠነ ቡድን፣ ተጨማሪ ሰዓት፤ ያ ሁሉ ሆኖም የነርቮቹ መሐል የጠበበበት ታካሚ በዕቅድ ላይ ሳለ ውድቅ ይሆናል፣ በተለመደው መንገድ ይሠራለታል። መለያ ብሎኖቹ ከተተከሉ በኋላ አንዱ ቢነቃነቅ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያ ይጀመራል፤ መስመሩ የተሰመረው በእነርሱ ነውና። ቀዳዳው ውስጥ ደም ቢወርድ ሐኪሙ የሚያይበት ሰፊ በር የለውም፤ ለዚህ ነው ክብ መስኮቱን ለማየትና ለመክፈት በጆሮ ቱቦ በኩልም የሚገባው። በመርሐ ግብርና በምስል ሙያ የታነጸ መሣሪያ ነው፤ ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያ ስለ ሰዓቱ ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

ሮቦቶልን አጠር አድርገን እንለፈው። ፓሪስ የተወለደ፣ ኮሊን በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የተመረተ፣ በ2016 የአውሮፓ ፈቃድ ያገኘ ክንድ ነው። ሐኪሙ በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ የማዘዣ እጀታ ያዝዘዋል፤ ክንዱ እንቅስቃሴውን አሳንሶ ይደግመዋል። ኤሌክትሮድ ከማስገባት ሌላ ኢንዶስኮፕ (ውስጥ የሚያሳይ ቀጭን መመልከቻ) ይይዛል፤ በመካከለኛው ጆሮ ለሚደረጉ ስስ ሥራዎችም ያገለግላል። ለአንድ ሥራ ብቻ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሆስፒታል ቢያየው አይቆጨውም። ክንዱ ቦታ ይይዛል፤ የማዘዣውን እጀታ መልመድም ከማይክሮስኮፕ ውጭ የሚጠይቀው የራሱ ጊዜ አለው።

የኮሎምቢያ መርፌዎች፦ ሳይቆርጡ መብሳት

እስካሁን ያየነው ኤሌክትሮድ ነው። መድኃኒት ሌላ ችግር አለው። በደም የሚሄድ መድኃኒት ወደ ውስጥ ጆሮ እንዳይገባ እንደ አንጎል ሁሉ አጥር አለ። ለዚህ ነው ድንገት መስማት ለጠፋበት ሰው ሐኪሙ 0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ሊትር ስቴሮይድ በታምቡሩ በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚወጋው። ታካሚው 20 ወይም 30 ደቂቃ ጎኑን ተኝቶ «አትዋጥ፣ አታውራ» ይባላል፤ ምክንያቱም በተዋጠ ቁጥር ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ቱቦ ይከፈትና መድኃኒቱ ይፈስሳል። የቀረው በክብ መስኮቱ በኩል መስረግ አለበት። ስንት እንደሚሰርግ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአንዳንዱ ሰው መስኮቱን ሌላ ትርፍ ሽፋን ይጋርደዋል።

በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጆሮ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ አኒል ላልዋኒና የሜካኒካል ምሕንድስና ፕሮፌሰሩ ጄፍሪ ካይሳር ያመጡት መፍትሔ 100 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያላት መርፌ ናት። የሌዘር ጨረር በፈሳሽ ሙጫ ውስጥ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ እያጠነከረ በሦስት ገጽታ ያትማታል። ከዚያ ለመያዝ እንዲመች በተለመደ የሕክምና መርፌ ጫፍ ላይ ትለጠፋለች።

ልብ የሚባለው ቀዳዳው ነው። ስለቱ የደነዘ መርፌ ሽፋኑን ይቀድደዋል። ይቺ ግን ጫፏ እጅግ የሾለ ጎኗ ያልተሳለ ስለሆነ የሽፋኑን ጭረቶች ሳትቆርጥ ገለል አድርጋ ታልፋለች። ስትወጣ የሚቀረው ክብ ቀዳዳ ሳይሆን በጭረቶቹ አቅጣጫ የተዘረጋ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ የዓይን ቅርጽ ነው። በጊኒ ፒግ ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ቀዳዳው በቀናት ውስጥ ድኗል። ውስጧ ባዶ የሆነች መርፌ ደግሞ 1 ማይክሮ ሊትር የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ለምርመራ ቀድታ መውጣት ችላለች። የውስጥ ጆሮ በሽታ እስካሁን ባብዛኛው የሚገመተው ከውጭ በሚለካ መስማት እንጂ ከራሱ ፈሳሽ ስላልሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የካይሳር የሙያ መንገድ እዚህ ላይ መነገር አለበት። በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር የግራፊንን ጥንካሬ የለካው ሰው ነው፤ አንድ አቶም ውፍረት ያለውን ንጣፍ በጥቃቅን ጉድጓዶች ላይ ዘርግቶ በሾለ ጫፍ እየተጫነ። ስስ ሽፋን፣ የሾለ ጫፍ፣ መቼ ይቀደዳል የሚል ጥያቄ፤ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ጆሮ ውስጥ ገባ። የሙያ መሻገር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ አዲስ ሙያ ከባዶ መጀመር ሳይሆን የያዙትን ጥያቄ ሌላ ቤት ማስገባት።

እንከኑን ስንናገር፦ የታተመ ሙጫ ተሰባሪ ነው፣ በኮክሊያ ውስጥ የተሰበረ ጫፍ ደግሞ አይለቀምም። ቡድኑ ወደ ብረት መርፌዎች የሄደውም ያለ ምክንያት አይደለም። መርፌዋ ገና የምርምር መሣሪያ ናት። ወደ ሽፋኑ በምን ማዕዘን እንደሚደረስም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ የአጥንቱ ከንፈር ሳይላጋ ቀጥ ብሎ መድረስ በብዙ ሰው አይቻልም።

አስፈላጊነቷ ግን በዘረ መል ሕክምና ጎልቷል። በሻንጋይ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ የዓይንና የጆሮ አፍንጫ ጉሮሮ ሆስፒታል ኦቶፈርሊን የተባለው ፕሮቲን ጎድሏቸው ደንቆሮ ሆነው ለተወለዱ 6 ልጆች በክብ መስኮቱ በኩል ጤነኛ ዘረ መል ተሰጥቶ 5ቱ መስማት መጀመራቸው በ2024 ታትሟል። የሚገባው 30 ማይክሮ ሊትር አካባቢ ነው። የኮክሊያው ፈሳሽ ራሱ በአጠቃላይ 70 ወይም 80 ማይክሮ ሊትር ገደማ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ችግሩን ያየዋል፦ በተዘጋ የአጥንት ዕቃ ውስጥ ይህን ያህል ሲጨመር ወይ በዝግታ መግባት፣ ወይ መውጫ ማግኘት፣ አለዚያ ግፊት መሆን አለበት። መርፌውን የሚሠራ መሐንዲስ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ሙያውን ለሚፈልግ

በ2013 ላስከር የተባለው የሕክምና ምርምር ሽልማት ለኮክሊያር ኢምፕላንት ሲሰጥ የተካፈሉት የጆሮ ሐኪሙ ግሬም ክላርክ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሷ ኢንገቦርግ ሆክማየርና ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ስልት ያሻሻለው መሐንዲሱ ብሌክ ዊልሰን ነበሩ። መስኩ ከጥንስሱ እንዲህ ነው። ስለዚህ «የትኛውን ልማር?» ለሚል ተማሪ መልሱ አንዱን በጥልቀት፣ የሌላውን ቋንቋ እስከ መግባባት ድረስ የሚል ነው። መሐንዲስ ከሆኑ የቴምፖራል አጥንትን (ጆሮን የያዘውን የራስ ቅል አጥንት) አቆራረጥ በአስከሬን ላይ መማር ግዴታ ነው፤ የፊት ነርቭ የት እንደሚታጠፍ በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚነድፈው መያዣ ማይክሮስኮፑን ይጋርዳል። ሐኪም ከሆኑ የኃይልና የጥልቀት ግራፍ ማንበብ፣ ስለ አደጋ ትንተና የሚያዝዘውን ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 14971ን እና ስለ ጥራት ሥርዓት የሚደነግገውን አይኤስኦ 13485ን መልመድ ይጠቅማል። ብዙ ጥሩ መሣሪያ የሚሞተው በሙከራ ሳይሆን በወረቀት ነው። ንድፉ ለምን እንደተቀየረ ካልተጻፈ ፈቃድ ሰጪው ያልተቀየረ ያህል ነው የሚያየው።

ጅማና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምሕንድስና ያስተምራሉ፤ ለመመረቂያ ሥራ የሚሆን የማስገቢያ ሙከራ ያለ ውድ ላቦራቶሪ ሊዘጋጅ ይችላል። የታችኛውን ሰርጥ ልክ በሦስት ገጽታ ማተሚያ በሬዚን (በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ያትማሉ። ኅትመቱ የደረጃ መስመር ካለው ኤሌክትሮዱ መስመሩ ላይ ይንጠለጠልና ግራፉ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል፤ ስለዚህ ውስጡ በስስ ሙጫ መለስለስ አለበት። ሰርጡን በሳሙና ውሃ ይሞሉታል፤ አንድ እጅ ሳሙና ለዘጠኝ እጅ ውሃ የተለመደ ነው። ለኤሌክትሮድ ምትክ በሲሊኮን የተለበጠ ቀጭን ሽቦ ይበቃል። መግፊያው የሲሪንጅ ፓምፕ ይሁን፤ ከላይ ባሰላነው መንገድ ፍጥነቱን ይመርጣሉ።

ኃይል መለኪያው ወርቅ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ አለ። 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን 0.1 ሚሊኒውተን ያነብባል ማለት ነው፤ የምንፈራው 30 ሚሊኒውተን በዚያ ላይ 3.06 ግራም ሆኖ ይታያል። የታተመውን ኮክሊያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ክሩን ከላይ ወደ ታች ሲገፉ የሚጨምረው ክብደት የማስገቢያው ኃይል ነው። በየግማሽ ሚሊ ሜትሩ ይመዝግቡ። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ይሄዳል፣ ጫፉ የመጀመሪያው ጥምዝ ጋ ሲደርስ ይነሣል፣ ወደ መጨረሻው ሽቅብ ይወጣል። ድንገት ተነሥቶ ከወደቀ ጫፉ ታጥፏል ወይም ሥሩ ጎብጧል፤ ግልጽ ሬዚን ከሆነ በዓይን ይታያል። ሚዛኑ በጎን የሚገፋውን ኃይል አያይም፤ ይህን በሪፖርቱ ላይ መጻፍ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያመልጠዋል። አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛኖች በጣም በዝግታ የሚመጣ ትንሽ ክብደትን እንደ መዛባት ቆጥረው በራሳቸው ወደ ዜሮ ይመልሱታል። በሰከንድ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲገፉ የመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሜትሮች ኃይል በዚህ ምክንያት ተውጦ ይቀራል፣ ግራፉም ዜሮ ላይ ተኝቶ ቆይቶ በድንገት የሚነሣ ይመስላል። ሚዛኑ ላይ ይህን የሚያጠፋ ማስተካከያ ካለ ያጥፉት፤ ከሌለው መጀመሪያ 20 ግራም የሚሆን ክብደት ጭነው፣ ዜሮ ሳያደርጉ፣ ከንባቡ ላይ 20ውን በወረቀት ይቀንሱ።